የግራው እርካብ

ውድ አባዬ፣

እንዴት ሰነበትክልኝ? የፎቅ ቤት ኑሮ ተስማማህ ወይ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? እህቴ በስልክ እንደነገረችኝ ከሆነ በደንብ ትበላለህ፣ ጋዜጣህን ታነባለህ፣ ሊፍቱ የተበላሸ ዕለት ግን ከቤት ንቅንቅ አትልም። ዕድሜ ልኩን ተራራ ሲወጣ ኖሮ አሁን ደረጃ ጠላ ብላ ሳቀች፤ እኔም አብሬያት ሳቅኩ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ራስ ምታት እንኳ አያውቀኝም፤ ጉልበቴንም ታውቀዋለህ፣ ከፈረሶቹ እኩል ዳገት እወጣለሁ። የጥቁሯ ሰኮና ድኗል። የጋጣው ጣሪያ ስለተጠገነ በዝናብ ቀን ባልዲ መደርደር ቀርቷል።

ይህን ያህል ጊዜ የጠፋሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ ለእህቴ ነግሬያት ነበር። ውሸቴን ነው። አኩርፌህ ነው። ከእህቴ ቤት ደውለህ ተራራው ሰለቸኝ፣ ተመልሼ አልመጣም፣ ፈረሴን ቦራንም ለሚጋልበው ሰው ሽጪው ስትለኝ ስልኩን እንደያዝኩ ጋጣው ውስጥ ደርቄ ቀረሁ። አገር ጎብኚ እንግዳ በፈረስ ይዘን ጫካ ለጫካ ስንዞር የኖርነው አብረን ነው። ድንኳን ስተክል ካስማ የምታቀብለኝ አንተ ነህ። ተራራው ከሰለቸህ እኔም ሰልችቼሃለሁ ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። በጣም ነው የከፋኝ፣ አልደብቅህም። እልህ ያዘኝና ለግልቢያ ትምህርት ቤቱ ባለቤት ደወልኩለት፤ መጥተህ ፈረሱን እይ አልኩት።

ግን አመሉን ያላወቅኩትን ፈረስ ለሰው መሸጥ አልወድም። ቦራን ደግሞ ካንተ በቀር ማንም ተቀምጦበት አያውቅም። ስለዚህ ሰውየው ሳይመጣ በፊት እኔው እሱን እየጋለብኩ እንግዶች ይዤ ወጣሁ። አንዲት የጥርስ ሐኪምና ባሏ ናቸው፤ ጨዋታ የሚወዱ ሰዎች። ስንነሳ ኮርቻህን ሳየው የግራው እርካብ ከቀኙ በጣም ወርዶ ተንጠልጥሏል። ወይ አባዬ፣ መዝረክረክም ጀመረው እንዴ አልኩና ጠፍሩን አሳጥሬ ከቀኙ ጋር አስተካከልኩት።

ዳገቱን እንደጀመርን ቦራ ከመንገድ ወጣ ብሎ አንድ ትልቅ ድንጋይ ጋ ሄደ። ግራ ጎኑን ወደ ድንጋዩ አስጠግቶ ቀጥ አለ። በተረከዜ ነካ ሳደርገው ሄደልኝ። ትንሽ ወጣ እንዳልን ሌላ ድንጋይ፣ አሁንም ቀጥ። ከዚያ ደግሞ የዛፍ ጉቶ። የጥርስ ሐኪሟ ከኋላዬ ሆና ይሄ ፈረስ ነው ወይስ ታክሲ፣ በየፌርማታው የሚቆመው አለች። ከዚያ በኋላ ቦራ በቆመ ቁጥር ባሏ ጮክ ብሎ «ወራጅ አለ» ይል ጀመር። እነሱ ሲስቁ እኔ ግን በንዴት ጨስኩ። ምን ያለ ዳተኛ አድርጎ አሳደገው እያልኩ ቦራንም አንተንም በልቤ ስረግም ዋልኩ።

ያደርነው ሁልጊዜ በምንሰፍርበት፣ ጅረቱ አጠገብ ነው። ጠዋት ድንኳኖቹን ነቅለን ፈረሶቹን ከጫንን በኋላ ልወጣበት ስል ቦራ ልጓሙን ከእጄ አስለቅቆ ሄደ። አመለጠኝ ብዬ ደንግጬ ነበር፤ እሱ እቴ! ቀስ እያለ ሄዶ ጅረቱ ዳር ከወደቀው ግንድ አጠገብ ቆመ፤ ግራ ጎኑን አስጠግቶ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ጠበቀኝ። ተከትዬው ሄድኩ። የግንዱ ቅርፊት አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተልጦ ለስልሷል፣ ልክ የጫማ ስፋት ያህል።

ያን ጊዜ ትዝ አልከኝ። እዚህ ባደርን ቁጥር ጠዋት ጠዋት «እናንተ ቅደሙ፣ እኔ እሳቱን አጥፍቼ እደርሳለሁ» ትለን ነበር። እኔ ደግሞ ለጫካው ስትሳሳ ይመስለኝ ነበር።

ግንዱ ላይ ወጣሁ። ከዚያ ወደ ኮርቻው መሻገር ወንበር ላይ ከመቀመጥ አይከብድም። በደንብ እስክደላደል ድረስ ቦራ ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም፤ ስደላደል ሳላዘው ተነሳ። ለካ ፌርማታው ለወራጅ ሳይሆን ለሚሳፈር ነበር። እንግዶቹን እናንተ ቅደሙ፣ እኔ እሳቱን አጥፍቼ እደርሳለሁ አልኳቸው። እሳቱ ከጠፋ ቆይቶ ነበር። ብቻዬን ስቀር የቦራን አንገት አቅፌ አለቀስኩ። ከዚያ ወርጄ አንተ ረግጠህ የምትወጣበትን የግራውን እርካብ እንደነበረ ዝቅ አደረግኩት። በመመለሻችን በየድንጋዩ ሲቆም አልነካሁትም፤ ባልየውም ወራጅ አለ ማለቱን አልተወም።

የግልቢያ ትምህርት ቤቱ ባለቤት በቀጠሮው መጣ። ቦራን ወደደው፤ አመሉንም ሳልደብቅ ነገርኩት። ይሄማ ቀላል ነው፣ በአለንጋ አስተወዋለሁ አለኝ። ሻይ ጋብዤ ሸኘሁት። ቦራ አይሸጥም፣ አባዬ።

አሁን አንድ ነገር ላስቸግርህ ነው። ሰሞኑን ጉልበቴን ያመኛል። ከመሬት ተነስቼ ኮርቻ ላይ መውጣት አቅቶኛል። ስለዚህ ጋጣው በር ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስተክያለሁ፣ ቁመቱ ልክ እንደዚያ ግንድ ነው። ለጠየቀኝ ሁሉ የእኔ ነው ብያለሁ። ዝናቡ ሲያባራ ሌሎች እንግዶች አሉኝ፤ እንዲህ ሆኜ ብቻዬን አልችላቸውም። ድንኳኑን እኔ እተክላለሁ፣ ጭነቱንም እኔ እጭናለሁ። ጠዋት ጠዋት ወደኋላ ቀርቶ እሳት የሚያጠፋ ሰው ግን አጥቻለሁ።

እህቴን ሳምልኝ። ፈጣሪ ጤናህን ይጠብቅልኝ፣ ዕድሜህን ያርዝምልኝ፤ እስክትመጣልኝ ድረስ ሊፍቱንም ከብልሽት ይሰውረው።

ጉልበቷን የሚያማት ልጅህ