ያለ ምክንያት ስለተሰጡን አምስት ዓመታት

ይድረስ ለተከበሩ የወንጀል ችሎት ዳኛ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉሮሮዎን በተለይ ፈጣሪ ይጠብቅልዎ፤ ባለፈው ሰኞ በወንድሜ ላይ አምስት ዓመት ፈርደው ወደሚቀጥለው መዝገብ ሲያልፉ አንዲት ቃል እንኳ ስላልጨመሩበት፣ አሞዎት ይሆን ብዬ ሰግቼ ነበር።

ወንድሜ በያጅ ነው። ከሚሠራበት ፋብሪካ ግቢ ከባልደረባው ጋር ሆኖ አንድ አሮጌ የውሃ ሞተር ሰርቋል። እሱ አልካደም፣ እኔም አልክድለትም፤ ቅጣት አይገባውም የሚል ሰው በቤታችን የለም። ቅሬታዬ ሌላ ስለሆነ በትሕትና በቁጥር አቀርበዋለሁ።

፩ኛ. ሞተሩን ግራና ቀኝ ይዘው ነው ያወጡት። ሁለቱም አምነዋል፣ ሁለቱም ከዚህ በፊት ተከሰው አያውቁም። ባልደረባው አንድ ዓመት፣ ወንድሜ አምስት ተፈረደባቸው። በወንድሜ በኩል ያለው ጫፍ ይከብድ ከነበረ፣ ይህን የሚያህል የመካኒክ ዕውቀት ለራስዎ ብቻ ማስቀረትዎ ያሳዝናል።

፪ኛ. ይግባኝ ልንል ብንሄድ፣ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ የትኛውን የዳኛውን ምክንያት እንደምንቃወም ጠየቀን። የፍርዱን ግልባጭ ብናገላብጠው «የመዝገቡን ሁኔታ ከግምት በማስገባት» ከሚለው በቀር ምንም የለበትም። በመጻፍ እንዳንደክም ስላሰቡልን እናመሰግናለን። የይግባኙ ጊዜ ግን እያለቀ ነው።

፫ኛ. በችሎትዎ በር ላይ ስልክ ይዞ መግባት ለምን እንደተከለከለ ሦስት ምክንያቶች ተዘርዝረው ተለጥፈዋል። ስልኬ ከወንድሜ የተሻለ ክብር አግኝቷል።

፬ኛ. እርስዎ የተዉትን ሥራ ቤተሰቡ ተከፋፍሎ እየሠራልዎ ነው። አጎታችን ቅጣቱ የከበደው ልጁ እጁን ኪሱ ከትቶ ስለቆመ ነው ይላል። የወንድሜ ሚስት ራሷ መርጣ ያለበሰችውን የቆዳ ጃኬት ትረግማለች። እናታችን ደግሞ ችሎት ውስጥ ድምፅ አውጥታ ስላለቀሰች ዳኛው ተቆጥተው ነው ብላ አምናለች፤ አሁን ሲብስባት አፏን በነጠላዋ አፍና ነው የምታለቅሰው። ልጇን ያሳሰርኩት እኔ ነኝ የምትል እናት በየቀኑ ማየት፣ ክቡርነትዎ፣ አንጀቴን ያሳርረዋል። ይህን ፍርድ ብለው መፈረምዎ ደግሞ ያስጠይፈኛል።

ወደ ችሎቱ ሲገቡም ሲወጡም ከወንበሬ የምነሣልዎ፣
የፍርደኛው ታላቅ እህት

ድኅረ ጽሑፍ፦ እናቴ ዳኛው ተቀይመው ዓመት ይጨምሩበታል ብላ ይህን ደብዳቤ እንዳልልክ ስትለምነኝ ነበር። ዳኛ ያለ ምክንያት አይጨምርም ብዬ ላጽናናት ብሞክር፣ ከፍርዱ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።