ለብቁው ተቋራጭ ስለተሰጠው የጎሽ ውሃ ኩሬ

ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለተከበሩ የጎሽ ውሃ መናፈሻ ኩሬ ማደሻ የሥራ ተቋራጭ መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሰብሳቢ፣ ይህ ጽሑፍ እርስዎን፣ የኮሚቴ አባላትዎንና ማኅተምዎን በሙሉ ጤንነት እንዲያገኛችሁ ምኞቴ ነው። ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ዳር ያለን የጎሽ ውሃ ሰፈር ነዋሪዎችም እግዚአብሔርም አላህም ይመስገን ደኅና ነን። እኔ ዘውዱ አበባው የሰፈሩ ቅሬ ጸሐፊ ነኝ። ቅሬያችን ክርስቲያኑንም እስላሙንም በአንድ መዝገብ ይዞ የሚቀብር ማኅበር ሲሆን፣ ኩሬውን እኛ እንጠግነው ብሎ ያቀረበውን ማመልከቻ ኮሚቴዎ «ብቁ አይደለም» ብሎ ስለመለሰለት ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ተነሥቻለሁ።

አንደኛ፣ ኩሬው መኖሩን ስላወቁልን እናመሰግናለን። አምና በነሐሴ ጦርነቱ ሰፈራችን ሲደርስ መብራት ጠፋ፣ መብራቱን ተከትሎ ቧንቧው ደረቀ፣ አራት ወር ያህልም የጠጣነው ከኩሬው ግርጌ ከሚፈልቀው ምንጭ ነው። የምንጩ ዓይን ለዓመታት በደለል ተደፍኖ ነበርና፣ ዕድሜያቸውን ምንጭ በመቆፈር የፈጁት አያ ሚስባህ እስከ ወገባቸው ጭቃ ውስጥ ቆመው አሳዩን፣ እኛም ቆፍረን ከፈትነው። እናንተ ደግሞ አካባቢው ከተረጋጋ በኋላ በጥር ወር ሜትርና ታፔላ ይዛችሁ መጥታችሁ «ኩሬው በጥናት ላይ ነው» ብላችሁ ተከላችሁበት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለውን ተረት ለእናንተ የሚጠቅሱ ባለጌዎች በሰፈራችን አሉ፤ እኔ በበኩሌ ገሥጫቸዋለሁ።

ሁለተኛ፣ የሥራ ልምድ ማስረጃችንን በጥንቃቄ ስለመረመሩ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። በቅሬ ሕግ ሥራ ሲኖር ስም ይጠራል፣ የቀረም ይመዘገባል። ኩሬውን ስንቆፍርም ጠዋት ጠዋት ዳር ላይ ቆሜ ስም ስጠራ፣ በእጄ የነበረው ደብተር የቀብር መዝገባችን ብቻ ስለነበር፣ የቆፈረውንም የቀረውንም ከኋላ ገጾቹ ላይ ጻፍኩ። ኮሚቴዎ ሽፋኑን ተመልክቶ «ለቀብር የተዘጋጀ መዝገብ የግንባታ ልምድ ማስረጃ ሊሆን አይችልም» ሲል ወሰነ። ሽፋኑን ገለጥ ቢያደርጉት ኖሮ በፊት ገጾቹ ላይ በዚያው ወራት የቀበርናቸውን አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ያገኙ ነበር። በዝርዝሩ ሰባተኛዋ እህቴ ወይንሸት ናት። ውሃ ልትቀዳ ወደ ወንዝ ወርዳ በተኩስ መሃል ቀረች፤ ምንጩን መቆፈር የጀመርነው ከቀብሯ በተመለስን በማግስቱ ነው። የመቆፈር ልምዳችን ከቀብር የተገኘ መሆኑን ኮሚቴዎ በትክክል ደርሶበታል፣ እኔም አልክድም።

ሦስተኛ፣ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ክሊራንስና ማኅተም ያረፈበት የመልካም ሥራ አፈጻጸም ደብዳቤ መጠየቅዎ ተገቢ ነው። እዚህ የቆየን ሰዎች ወረቀታችን ከእኛ ጋር ስለቆየ የእኛኑ ዕጣ ቀምሷል፤ ገሚሱ ተቃጥሏል፣ ገሚሱም ምድጃ ማቀጣጠያ ሆኗል። የአሸናፊው ድርጅት ፋይል ግን ከነባለቤቱ አዲስ አበባ ከርሞ አንድ ገጽ ሳይጎድልበት በሰላም ተመልሷል። ለፋይሉ እንኳን ደኅና ገባህ ይበሉልኝ።

አራተኛውን ያለ ፌዝ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። አሸናፊው ከዚህ ቀደም የሠራው የሆቴል ዋና ገንዳ በመሆኑ፣ የእኛንም ኩሬ ወለሉን በኮንክሪት ሞልቶ፣ ከቧንቧ ውሃ አስገብቶ፣ ጀልባ ሊያንሳፍፍበት አቅዷል። ኮንክሪቱ የሚሞላው በምንጩ ዓይን ላይ ነው፤ የሚሞላውም በነሐሴ ዝናብ ነው። አያ ሚስባህ ይህን ሊነግሩዎ ሦስት ጊዜ ቢሮዎ መጥተዋል። በመጀመሪያው በጽሑፍ አምጡ ተባሉ፣ አስጽፈው ሲመጡ በመሐንዲስ ይረጋገጥ ተባሉ፣ በሦስተኛው እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ። አያ ሚስባህም ወደ ሰፈር ሲመለሱ «ወላሂ ዘውዱ፣ ውሃውን አፉን ይዘው ሊያፍኑት ነው፣ እኔ ሽማግሌው ምን ላርግ» ብለውኝ ደጄ ላይ ተቀመጡ።

ክቡር ሰብሳቢ፣ የምፈራውን ልንገርዎ። ጦርነቱ አልቋል ብሎ የነገረን የለም። ነገ ቢመለስና መብራቱ ቢጠፋ ቧንቧው ይደርቃል፣ ሴቶቻችንም እንደ ወይንሸት ወደ ወንዝ ይወርዳሉ። ስለዚህ ሥራው ለብቁው ድርጅት ይሁን፣ ጀልባውም ይንሳፈፍ፣ ሪባኑንም እርስዎ ይቁረጡ፤ ከዚያ ሁሉ ኮንክሪት መሃል ግን ለምንጩ አንድ ክንድ ስፋት ብቻ ክፍት ይተዉልን ዘንድ፣ ከጫማዎ ትቢያ ዝቅ ብዬ እለምናለሁ።

የብቃት መስፈርትዎ አድናቂ፣ የውሳኔዎ ተሸካሚ፣
በሕይወት ስለመኖሩ ግን ማስረጃ ማቅረብ ያልቻለው
ዘውዱ አበባው
የጎሽ ውሃ ቅሬ ጸሐፊ

ተጨማሪ፣ ነሐሴ 24 ቀን፦ ደብዳቤዬን ቢሮዎ በር ላይ ከለጠፍኩ በኋላ በሦስተኛው ቀን ኮንክሪቱ ሙሉ በሙሉ ተሞልቷል፤ ለፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ያውቁታል። በቆቦ በኩል ከባድ መሣሪያ መሰማት ሲጀምር ተቋራጩ ፋይሉን ታቅፎ በፒካፕ ወደ ደቡብ ሄዷል፤ ጋቢና ውስጥ የነበሩት እርስዎ ናቸው የሚሉ አሉ፣ ሰው መቼም ያወራል። መብራት ከጠፋ ሦስት ቀኑ ነው፣ ቧንቧውም ደርቋል። ትናንት ጠዋት በአያ ሚስባህ መሪነት ሠላሳ አንድ ሰዎች ሆነን ኮንክሪቱን በዲጅኖ ሰብረናል። ውሃው ከቀትር በኋላ መጣ፣ ወደ ማታም ጠራ፤ እስካሁን ወደ ወንዝ የወረደች ሴት የለችም። ያለ ፈቃድ ንብረት ያፈረስን ሰዎችን ስም ዝርዝር ለክስ እንዲመችዎ አያይዣለሁ። ሲመለሱ ከጠማዎ ጀሪካን ይዘው ይምጡና ይሰለፉ፤ ሌላ መስፈርት የለንም።