ሜጋን የምትሸጠው የጃቫ ጥበብ

ሰኞ፣ ጠዋት 2፡30
ዛሬም እርድ። ጣቴ ቢጫ ሆኗል፣ ማስታወሻዬ። እርድና ዝንጅብል በጥብጬ “የጃቫ ቶኒክ” እላለሁ፤ እናቴ ለጉንፋን የምታጠጣኝን! ሜጋን፣ የምሠራበት ስፓ ባለቤት፣ ጃቫ አሥር ቀን ቆይታ ፈላስፋ ሆና መጣች። አሁን ወደዚያው “ኢኮ ዌልነስ” የምትለውን የጤናና የተፈጥሮ ጉዞ ትሸጣለች። ግድግዳው ላይ በትልቁ፦ ንሪሞ። የመጣውን በጸጋ መቀበል ማለት ነው አለችን። ሺፍታችንን፣ የሥራ ሰዓታችንን፣ ስትቆርጥ ቅር ቢለን ያንኑ ቃል መዘዘች። ወይ ፍልስፍና!

ረቡዕ፣ ምሳ ሰዓት
ላውንድሪ ክፍል ከኢቡ ስሪ ጋር በላሁ። ኢቡ እንደኛ እትዬ ነው። ከመሃላችን የጃቫ ተወላጅ እሳቸው ብቻ፤ ፎጣ ያጥባሉ። ሜጋን ቅዳሜ ለተጓዦቹ እንዲናገሩ ጽሑፍ ሰጥታቸዋለች። ስለ ገዛ አገራቸው! ተጓዦቹ የሚያርፉበት ሎጅ እህታቸው መንደር ውስጥ ነው። ለመዋኛው ውሃውን ስቦ የመንደሩን ጉድጓድ አደረቀው አሉኝ። አውቃለሁ። የመንደሩ ሰዎች አቤቱታ እኔ በምከፍተው የስፓው ኢሜይል መጥቶ ነበር። ሜጋን አርካይቭ አድርጊው፣ ከዓይን ይጥፋ አለችኝ። አደረግኩት።

ቅዳሜ፣ ከሰዓት 9
ሃያ ተጓዥ ስፓው ውስጥ ምንጣፍ ላይ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጽድቁን እየጠበቀ። ኢቡ ስሪ ቆሙ። ጽሑፉን አላወጡም። ንሪሞ የአቅምን ሁሉ ሠርቶ ከጨረሱ በኋላ የሚመጣ ነው፣ ሌላውን ዝም ማሰኛ አይደለም አሉ። ከዚያ ስለ ጉድጓዱ። እህታቸው ውሃ ከሩቅ በጀሪካን እንደምትቀዳ። አንድ ሰውዬ ወደኔ ዞሮ እውነት ነው ወይ አለኝ። ሜጋን አፈጠጠችብኝ።
“እኔ ምንም የማውቀው የለም” አልኩ።
ሜጋንን ስንቃት ኖሬ! ከሷ በምን ተሻልኩ?

ሰኞ፣ ከሥራ መልስ
ኢቡ ስሪ የሥራ ስኬጁሉ ላይ የሉም። “ኢነርጂያቸው” አልተስማማም አለች ሜጋን፣ ያቺ ቀላል። ካስልሪጅ ሰፈር፣ ቤታቸው ሄድኩ፣ ይቅርታ ልል። ሩዝ አቀረቡልኝ። ኢሜይሉን ነገርኳቸው። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። በር ላይ ስንደርስ ብቻ እጄን ያዙ።
“ልጄ፣ ያ ፍርሃት ነው። ንሪሞ እንዳትዪው።”

ማክሰኞ፣ ጠዋት 12፡30
ለሃያዎቹም ተጓዦች ኢሜይል ጻፍኩ። አቤቱታውን እንዳለ አያይዤ። ቅዳሜ መዋሸቴንም። ከሥር ስሜን ከነአባቴ። ሁለቴ አነበብኩት።
ላክሁት።
ሺፍቴ 2 ሰዓት ላይ ነው። እሄዳለሁ። በስልክ ቴክስት አልባረርላትም፤ ፊቷን እያየሁ ትንገረኝ።