«ደህና ነን» ያልኩበት ሐሙስ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለሃሊማ ሸረፋ፣ ካለሽበት ከኩዌት።

አሰላሙ አለይኪ ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ልጄ፣ እንዴት ነሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ወገብሽን የሚያምሽ ነገር ተሻለሽ ወይ? የምትሠሪላቸው ሰዎች እንዴት ናቸው? እመቤቲቱ የወለደችው ሕፃን አደገ ወይ? እሱን እያባበሉ ማደሩስ ቀረልሽ ወይ? እዚያም አሁን ብርድ ገብቷል ይላሉ፤ ወፍራም ልብስ አለሽ ወይ? ጥያቄዬ በዛብሽ መሰለኝ። ከሐምሌ ጀምሮ የተጠራቀመ ስለሆነ አትሰልቺው።

በደብዳቤ ወግ ከዚህ ቀጥሎ «እኛ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን» ተብሎ ይጻፋል። እኔ ዛሬ ይህን ቃል አልጽፈውም። አላህን ማመስገን ትቼ አይደለም፣ እሱ ሁልጊዜም ይመስገን። ነገር ግን ያ ቃል ከአፌ በወጣ ቁጥር የሚመጣብኝን ነገር አንቺም ኋላ ትረጂዋለሽ። ስለዚህ በእሱ ፈንታ ያለንበትን እንዳለ ልንገርሽ። አባትሽን ጉልበቱን ያመዋል፣ ምግብ ግን ይበላል። ሙዝደሊፋ ስምንተኛ ክፍል ገባ፤ የወንድሙ ሸሚዝ ልኩ ሆኗል፤ ሲለብሰው አባትሽ ፊቱን ያዞራል። እኔ እሠራለሁ፣ እሄዳለሁ፣ እመጣለሁ። ሌላውን እያነበብሽ ታገኚዋለሽ።

ስልክ ስንደውልልሽ አታነሺም። ድምፄን ቀድቼ የላክሁልሽም ሳይሰማ እንደተቀመጠ ሙዝደሊፋ አሳየኝ። የጎረቤታችን የሽፋ የእህት ልጅ ለፈቃድ መጥታ ነበር፣ ሰኞ ወደ ኩዌት ትመለሳለች። «በእጇ ነው የምሰጣት፣ ስታነብም ቆሜ አያታለሁ» ብላ ቃል ገባችልኝ። እጄ ቀርፋፋ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ከሰዓት ከአስር ሶላት በኋላ እየተቀመጥሁ ጥቂት ጥቂት እያልሁ ነው የጻፍሁት።

በቀብሩ ማግሥት በስልክ ያልሽኝን አልረሳሁትም። «እማ፣ እኔ ነኝ የገደልኩት፤ አትናገሪ ያልኩሽ እኔ ነኝ» ብለሽ ዘጋሽው። ከዚያ ወዲህ ድምፅሽን አልሰማሁም። ወንድምሽን ሙባሪክን ቀበርን፣ አንቺን ደግሞ በሕይወት እያለሽ አጣንሽ። እኔ ይህን ሸክም በአንቺ ጀርባ ላይ ትቼው ዝም ማለት አልችልም። አንቺ ነገሩን በስልክ ሆነሽ ግማሹን ነው የምታውቂው። ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ይህ ኮሮና የመጣ ጊዜ መናኸሪያው አጠገብ ካለው ጤና ጣቢያ በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቀለ። ሰኞ ሰኞ በጠመኔ ይጻፍበታል። በየሰፈሩ ስንት ሰው ተመርምሮ በሽታው እንደተገኘበት፣ ስንቱ እንዳገገመ፣ ክትባቱ ሲመጣ ደግሞ ስንቱ እንደተከተበ ይነበባል። የኛን አካባቢ ቁጥር የምትሰበስበው ማስተዋል የምትባል የጤና ባለሙያ ናት። የወልቂጤ ልጅ ናት፣ በዕድሜ ካንቺ ብዙም አትበልጥም። ለሰፈራችን እኔን መረጠችኝ። ማን እንደሚያስለው፣ ማን እንዳተኮሰው፣ ማን ከአዲስ አበባ እንደገባ ከቤት ቤት እየዞርሁ እጠይቅና ሐሙስ ሐሙስ ስትመጣ እነግራታለሁ።

የኛ ሰፈር መስመር ሁልጊዜ ባዶ ነበር። የላይኛው ሰፈር ቁጥር ሲወጣበት እኛ በቅቤ እቁባችን ላይ ተሰብስበን እንስቅ ነበር። ሽፋ «የኛን ሰፈር ኮሮናም ፈርቶታል፤ ምላሳችንን አይቶ ነው የሚመለሰው» ትል ነበር። አረፋ ሲቃረብ ግን ነገሩ ከሳቅ አለፈ። ዓመቱን ሙሉ የምንጠብቀው በዓል ነው፤ ነጋዴው ሁሉ ሱቁን ዘግቶ የሚገባበት፣ እናት ልጇን የምታይበት። ቁጥር የወጣበት ሰፈር ልጆቹ ይቀሩበታል፣ ዘመድም አይረግጠውም ተባለ። ማን እንዳለው አላውቅም፤ ሁላችንም አልነው። የቅቤ እቁባችን የመጨረሻ ዕጣ፣ የአረፋው፣ የኔ ነበር። ሴቶቹ ሁሉ ቅቤያቸውን ይዘው የሚመጡት ወደኛ ቤት ነበር።

ሙባሪክ በበዓሉ ዋዜማ ሳምንት ማክሰኞ ከመርካቶ ገባ። ሲያስለው ሰማሁና ደነገጥሁ። እሱ እየሳቀ «የመርካቶ አቧራ ነው፣ እማ፤ የቡታጅራ አየር ያጥበዋል» አለኝ። አስሙን እኔ ነኝ ከልጅነቱ ጀምሮ የማውቀው፤ ይህ የአስም ሳል አልነበረም። ረቡዕ ስትደውይ ነገርሁሽ። አንቺም «እባክሽ እማ፣ አትናገሪ። እኛን እዚህ ሕንፃ ውስጥ ቆልፈውብን ሰው ሳናይ ከርመናል፤ እሱንም ወስደው ይዘጉበታል» አልሽኝ። የደረሰብሽን አይተሽ ፈራሽለት። ወንድምሽን ስለምትወጂው ነው። እዚህ ላይ ያጠፋሽው የለም።

ሐሙስ ማስተዋል መጣች። ለክትፎው ሚጥሚጣ እያመስን ስለነበር ግቢው በሙሉ ያስላል። እሷም ገና ከበሩ ሳል ጀመራትና «እትዬ ፈቲሀ፣ ዛሬስ እኔንም ቁጠሪኝ» ብላ ሳቀች። ከጓዳ የሙባሪክ ሳል ተሰማ። እሷ ወደ ጓዳው ዞር አለች፣ እኔ ሚጥሚጣዬን ማመሴን ቀጠልሁ። ከዚያ «ደህና ናችሁ?» አለችኝ። እኔም «ደህና ነን፣ አልሀምዱሊላህ» አልኋት። ይኸው ነው ልጄ። ሌላ አልተጠየቅሁም፣ ሌላም አልተናገርሁም። ሰው ሁሉ በየመንገዱ የሚለውን ነው ያልሁት። ነገር ግን እሷ የጠየቀችኝ ሰላምታ እንዳልነበረ አውቅ ነበር፣ የመለስሁላትም ሰላምታ እንዳልነበረ አውቅ ነበር። ሻይ እንኳ ሳትጠጣ ወደሚቀጥለው ቤት አለፈች። ሰኞ ሰሌዳው ላይ የኛ ሰፈር እንደለመደው ባዶ ሆኖ ዋለ፤ ሴቶቹም ቅቤያቸውን ይዘው መጡ።

የአረፋ ዕለት ሙባሪክ አፉን ሸፍኖ ከበሩ አጠገብ ለብቻው ተቀመጠ። እንግዶቹን እያሳቀ ነበር። ክትፎውን አቀረብሁለት፤ ቆጮውን ቆረሰ፣ ጠቅልሎ ያዘው፣ መልሶ አስቀመጠው። ዓመቱን ሙሉ «የእማን ክትፎ» ሲል የኖረ ልጅ ነው። ያኔ መነሣት ነበረብኝ። እንግዳ ሞልቶ ነበርና «እንግዳው ይሸኝና ነገ» አልሁ። በማግሥቱ ትንፋሹ አጠረ። ባጃጅ ጠርተን ወደ ሆስፒታል ስንሮጥ፣ ከበሩ ሳንደርስ በአባትሽ ክንድ ላይ ነፍሱ ወጣች። ለአረፋ የተጠራቀመው ቅቤ ለለቅሶ እንግዳ ቀለጠ። እኛ አስም ነው አልን፣ ሰውም አስም ነው አለ።

እንግዲህ ልጄ፣ ልብ ብለሽ አንብቢልኝ። አንቺ የተናገርሽው ረቡዕ ነው፤ እኔ የመለስሁት ሐሙስ ነው። በመካከሉ አንድ ሙሉ አዳር ነበረኝ። አንቺ ባሕር ማዶ ነበርሽ፣ እሱ የተኛው እኔ ቤት ነበር። ግንባሩን የዳሰሰው የኔ እጅ ነው። አንቺ የሰማሽው ወሬውን ነው፣ እኔ የሰማሁት ደረቱን ነው። አባትሽ ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው ይለኛል፣ አምናለሁ። ቢሆንም ቀደሩ በኔ አፍ በኩል ነው ያለፈው፣ በአንቺ አፍ አይደለም።

በኅዳር ክትባቱ ለወጣቱም ለሽማግሌውም ሆነ ተብሎ ማስተዋል ተመልሳ መጣች። ከሰፈራችን የተከተበው ከአሥር ሰው አንድ አይሞላም ነበር፤ «እባክሽ እትዬ፣ ቤት ለቤት አብረሽኝ ዙሪ» አለችኝ። ምን አፍ አለኝ ብዬ ሁሉንም ነገርኋት። እሷም «ሳሉ የሚጥሚጣ ብቻ እንዳልነበረ እኔም ጠርጥሬ ነበር። በዓላችሁን እንዳላበላሽ ብዬ ነው ያለፍሁት» አለችኝ። ሁለታችንም አለቀስን። ከዚያ ሙባሪክን ሰሌዳው ላይ እንድትጽፍልኝ ለመንኋት። «ያልተመረመረ አይጻፍም፤ ብጽፈው ውሸት ይሆናል» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሙባሪክ ከታመሙት መስመር የለም፣ ከሞቱትም የለም። እኔ ነኝ ያወጣሁት። ስለዚህ በማግሥቱ ክንዴን ለመርፌው ሰጠሁና ቤት ለቤት መዞር ጀመርሁ።

አሁን ሰው ቤት ስገባ «ደህና ናችሁ?» ብዬ አልጠይቅም። ሰላምታዬን ሰጥቼ እቀመጣለሁ፤ ከዚያ «ዛሬ ምን በላችሁ? ምግብ የጠላ ማነው?» እላለሁ። ሰው ደህና ነኝ ለማለት አይቸገርም፤ ስለበላው ግን አይዋሽም። ትቶት ያደረውን ራቱን ሲነግርሽ በሽታውንም ይነግርሻል።

ሽፋን ታውቂያታለሽ። «መርፌው ያመክናል፣ አልወስድም» ብላ ቆመች። ባሏ ጋሽ ከድሮ ከመደቡ ሆኖ «እኔን በሰባ ዓመቴ ቢያመክነኝ የምትጎጂው አንቺ ነሽ?» ሲላት ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ይህን ብሎ ግን እሱም አልሄደም፤ ለካ መርፌ ይፈራል። ከጥቂት ቀን በኋላ ስመለስ በሩ ገርበብ ብሎ ሽፋ መሐሉ ላይ ቆማለች። ከድሮ የታል ብላት «ተኝቷል። ደህና ነን፣ አልሀምዱሊላህ» አለችኝ። ያንኑ ቃል፣ በዚያው ድምፅ። ደጃፉ ላይ ተቀመጥሁ። «ምን በላ?» አልኋት። ጮኸችብኝ። «አንቺ ፈቲሀ፣ የራስሽን ልጅ ደብቀሽ ቀብረሽ የኔን ባል ልታወጪ መጣሽ? የሰፈሩን ስም ልታስነሺ?» አለችኝ። ጎረቤት ሁሉ ሰማ። እኔም «አዎ፣ ደብቄ ቀበርሁ። ለዚህ ነው የማልነሣው» አልኋት። ቆማ አየችኝ። ከዚያ «ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እህል አልቀመሰም» ብላ በሩን ለቀቀችልኝ።

ከድሮ ተመረመረ፣ ተገኘበት፣ ኦክስጅን ተደርጎለት ከረመ። ሰኞ ሰሌዳው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰፈራችን መስመር አንድ ተብሎ ተጻፈ። ሰዉ በኔ አጉረመረመ፤ ከቅቤው ሴቶች ሰላምታ የነፈጉኝ ነበሩ። እኔ ግን ሰሌዳው ፊት ቆሜ ያንን አንድ ብዙ አየሁት። በሚቀጥለው ጊዜ ሳይ ካገገሙት ተርታ ገብቷል። ከድሮ በእግሩ ቤቱ ገባ። ደስ አለኝ፣ ወላሂ ደስ አለኝ። ደስታዬ ሳይበርድ ግን «እሱስ በምን በለጠ?» የሚል ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። ለማንም አልነገርሁትም፣ ለአንቺ ብቻ ነው። አላህ ይቅር ይበለኝ።

አሁን ከሰፈራችን ግማሹ ተከትቧል ትላለች ማስተዋል። ሽፋ ራሷ ሴቶቹን እየጎተተች ትወስዳቸዋለች፤ እምቢ ላለች «ፈቲሀ መጥታ ደጃፍሽ ላይ እንድትቀመጥብሽ ትፈልጊያለሽ?» ትላታለች። ሰዎች አመሰግናለሁ ሲሉኝ መሬት መሬት ነው የማየው። የሰዉን በር ስከፍት የኖርሁት የራሴን ዘግቼ ነውና። አንቺስ ተከትበሻል ወይ? እዚያም እንዲህ ቆጥረው የሚለጥፉ ከሆነ ከየትኛው መስመር ነሽ? እኔ የአንቺን አላውቅም፤ በልቤ ሳልጠይቅሽ የዋልሁበት አንድ ቀን የለም።

ልጄ፣ ጥፋተኛ እኔ ነኝ ያልሁሽ አንቺ እንድትፈርጂብኝ አይደለም፤ እንድትለቂው ነው። ካልቻልሽ ደግሞ ለብቻሽ አትያዢው። ከፈለግሽ ስደቢኝ፣ ከፈለግሽ አልቅሺብኝ። ዝምታውን ብቻ አልችለውም።

ለሙባሪክ ሰደቃ በስምሽ ቴምር አወጣን። በሶና ትንሽ ቅቤ ልኬልሻለሁ። ሚጥሚጣ የለበትም፤ ከዚያ ወዲህ በግቢያችን አልታመሰም።

አባትሽ ሸረፋ «ልጄን ሰላም በይልኝ፣ አልተቀየምኋትም በይልኝ» ብሎሻል፤ ሌላ ሊል ጀምሮ ተወው። ሙዝደሊፋ ሰላም ብሎሻል፤ ከሰኞ ጀምሮ ጥሪሽን እየጠበቀ ስልኩን ከእጁ አይለይም። ሽፋ «ቅቤውን ብቻሽን እንዳትበዪው» ትልሻለች፣ ከድሮም «መርፌው አያምም፣ ያመመኝ ፍርሃቱ ነው» ብሏል። ማስተዋል ሳታውቅሽ ሰላም ብላሻለች። አብረውሽ የሚሠሩትን ልጆች ሁሉ፣ እመቤቲቱንም ሕፃኑንም ሰላም በይልኝ። የሙባሪክን ሰላምታ እኔ በዱዓዬ አደርስልሻለሁ።

መልስሽ በወረቀትም ይሁን በስልክ «ደህና ነኝ» ብለሽ አትጀምሪልኝ። ዛሬ ምን በላሽ? ከሱ ጀምሪ።

እናትሽ ፈቲሀ
ቡታጅራ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2014 ዓ.ም.