አየር ላይ ያልዋለው ድምፅሽ

ሂሩቴ፣ ሆዴ፤

ከተለየሽኝ አሥራ አንድ ወር ሆነ። እኔ ግን ዛሬም አያት ከባቡር ስወርድ ለሁለት ሰው የሚሆን ዳቦ ገዝቼ እገባለሁ። የኮንዶሚኒየማችን ውኃ አሁንም በፈረቃ ነው፤ ጀሪካኖቹን እንዳስለመድሽኝ እሞላለሁ። ካልሲዬን ሶፋ ላይ እጥልና የሚቆጣኝ ሲጠፋ ራሴው አነሳዋለሁ።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትቆጪ። ስልኬ ተሰረቀ፤ የላክሽልኝ የድምፅ መልእክት ሁሉ አብሮት ሄደ። ዕድሜሽን ሙሉ በሬዲዮ ጣቢያው የቴፕ ክፍል የሰው ድምፅ ስትጠብቂ ኖረሽ፣ ያንቺ ድምፅ ቤታችን ውስጥ አንድም አልቀረም። በየቴፑ መጀመሪያ ላይ፣ አየር ላይ ሳይውል የሚቀረውን ቁጥርና የፕሮግራም ስም የምትናገሪው አንቺ እንደነበርሽ ትዝ አለኝና ጉርድ ሾላ ቢሮሽ ሄድኩ።

በቦታሽ የተተካችው ትዕግሥት አቅፋ ተቀበለችኝ። ቅጂ ስጠይቃት ግን አንገቷን ደፋች። በእጅሽ የጻፍሽው የውሰት ደንብ ዛሬም ግድግዳው ላይ አለ። አየር ላይ ያልዋለ ድምፅ፣ ተናጋሪው ካልፈቀደ፣ ለወራሽም ቢሆን በውሰት አይሰጥም፣ አይቀዳም ይላል። የወራሽነት ወረቀቴን ይዤ ነበር፤ መልሼ አጠፍኩት። ተናጋሪዋ አንቺ ነሽ፤ አንቺን የት ሄጄ ላስፈቅድ?

ያን ሰውዬ ታስታውሺዋለሽ? ሟች እናቱ ቃለ መጠይቁ ሳይጀመር ያወራችውን ስጪኝ ብሎ የለመነሽን? እዚያው አስቀምጠሽ አሰማሽው እንጂ ቅጂ ከለከልሽው። የዚያን ቀን እራት አልበላሽም። እናቱ ሰው ይሰማኛል ብላ አልተናገረችም አልሽኝ፤ እኔም አበጀሽ አልኩሽ። ሂሩቴ፣ አላበጀሽም። አይ፣ አበጅተሻል። ግን ዛሬ ያ ሰውዬ እኔ ሆንኩ።

ትዕግሥት አንዱን ቴፕ ከፈተችልኝ፤ ቦሌ ቡልቡላ ገና እርሻ ሳለ የተቀረጸውን የገበሬዎች ፕሮግራም። ጉሮሮሽን ጠረግ አደረግሽ፣ ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሁለት አልሽ፣ ከዚያ ፈገግ ስትይ የምታወጫት ያቺ ትንሽ ሳቅ መጣች። ማን እንዳሳቀሽ አላውቅም። ወዲያው የጋዜጠኛው ድምፅ ገባ። ያለኝ ይኸው ነው።

ትዕግሥት ሻይ ላምጣ ብላ ወጣች። ሆን ብላ እንደሆነ ገባኝ፤ አዲሱ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ድምፅሽን ልቀዳ አወጣሁት። ጽሑፍሽ ፊት ለፊቴ ተሰቅሎ እጄ እምቢ አለኝ። ልሰርቅሽ አልቻልኩም፤ ስልኬን መልሼ ከትቼ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ስወጣ መዝገቡ ላይ ፈረምኩ። ከኔ በፊት የፈረሙት ሁሉ ምክንያት በሚለው ሥር ለጥናት፣ ለጥናት ብለዋል። እኔ ናፍቆት ብዬ ጻፍኩ። አንቺ ብትሆኚ ይሄ ምክንያት አይደለም ብለሽ ታሰርዢኝ ነበር። ትዕግሥት አነበበችውና መዝገቡን ዘጋችው።

አልረሳሽም። በሙት ዓመትሽ ቀን እመጣለሁ፤ ከዚያም በየዓመቱ፣ እግሬ እስከቻለ። እዚያው ተቀምጬ እሰማሻለሁ፤ መዝገቡም ላይ ያንኑ ምክንያት እጽፋለሁ።

ያንቺው ግርማ