ቀንድ ሲነፋ ያልወጣ

ኅዳር ፲፬፣ ሠለስት

ዛሬም ጥበቃ። ከጉና የሚወርደው ንፋስ ጆሮ ይቆርጣል። ጓሳው ውስጥ ሁለት ሰዎች ያዝን፤ ከማዶ መንደር ናቸው፤ አጎንብሰው ያጭዳሉ። ደበደብናቸው። አንዱን እኔው ክንዱ ላይ በዱላ ስለው አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። ማጭዳቸውን ቀምተን፣ ልብሳቸውን ገፍፈን ለቀቅናቸው። እጄ አብጧል። ጽሕፈቴ ቢንጋደድ አትፍረጅብኝ፣ ብራናዬ። ደግሞ ከዳዊት ቅጂ የተረፍሽ ቁራጭ ነሽና ቦታ የለሽም፤ አሳጥራለሁ።

አንዳንዴ ይገርመኛል። ዜማ ስማር ያረጀሁ መሪጌታ ሣር ጠባቂ ምን አደረገኝ? በመስከረም ሸንጎው የጓሳው አባት አድርጎ የመረጠኝ ለእውቀቴ አይደለም። ድምፁ ትልቅ ነው፣ ትንፋሽ አለው፣ ቀንዱን ቢነፋ እስከ ታች ይሰማል ተብሎ ነው። ደስ አለኝ እንጂ አልከፋኝም። ሰው ሲፈራኝ ደስ ይለኛል።

ጓሳው የማንም ርስት አይደለም፤ የሁላችን ነው። ቤት የምንከድንበት ሣር ሌላ የለንም። ተዘግቶ ያድጋል፣ በየካቲት ይከፈታል፤ እስከዚያ የቄሳችን የአባ ኪሮስ ግዝት አለበት። ቀንድ ሲነፋ ከየቤቱ አንድ ወንድ ዱላውን ይዞ ይወጣል። ያልወጣ ቤቱ ይቃጠላል። ሳይከፈት ያጨደም ቤቱ ይቃጠላል። ከመንደር የሚርቅ ቀድሞ ለጓሳው አባት መናገር አለበት። ይኸው ነው። ማቃጠል የከበዳቸው የማዶ ሰዎች የራሳቸውን ጓሳ ጨርሰው ዛሬ የእኛን ይሰርቃሉ።

ጥሩነሽ እጄን በቅቤ እያሸች ሳቀችብኝ። በዚህ እጅህ ነው ነገ መቋሚያ የምትይዘው አለች። ሚስት ናት፣ ምን ይባላል።

ኅዳር ፲፰፣ ተሰዓት

ከደምሴ ጋር መንገድ ላይ ተገጣጠምን። ሰላምታዬን አልመለሰም። በጥቅምት ንዳድ ይዞት ተኝቶ ሳለ ቀንድ ተነፋ፤ ሳይወጣ ቀረ። ችቦውን የለኮስኩት እኔ ነኝ። ታምሜ ነበር አለ፤ ደንቡ ውስጥ ግን በሽታ የሚል የለም። አሁን በገብስ ገለባ በተከደነ ጎጆ ከነልጆቹ ይኖራል፤ ጓሳው እስኪከፈት ይጠብቃል። አዝኛለሁ? አላውቅም። ብቻ በደጁ ማለፍ ትቻለሁ፤ በላይኛው መንገድ ነው የምዞር።

አያሌውም አኩርፎኛል። የታናሽ እህቴ የብርቄ ባል ነው። ለጥበቃ ዘግይተህ መጣህ ብዬ በሸንጎ ፊት ስለሰደብኩት ከዚያ ወዲህ ሲያየኝ መሬት መሬት ያያል። ኩሩ ነው። እኔም ነኝ። ብርቄ ወሯ ገብቷል፣ ሆዷ ከፊቷ ይሄዳል። ስለሷ ስል ልታረቀው ይገባኝ ነበር። ከልደት በዓል በኋላ እታረቀዋለሁ።

ኅዳር ፳፪፣ ሠርክ

ደም ይሸተኛል። ታጠብኩ፣ አሁንም ይሸተኛል።

ጧት ወታደሮች ከደ. ታቦር መጡ፤ ባዶ በቅሎ እየነዱ። ለንጉሡ ሰፈር ጎጆ ክዳን ፈልገው። አባ ኪሮስ መስቀላቸውን ይዘው ፊታቸው ቆሙ፣ ግዝት ነው አሉ። አለቃቸው ሣር ያበቀለ እግዜር ነው፣ እናንተ አይደላችሁም አለ። አንዱ አባን ገፈተራቸው። ሽማግሌው ወደቁ፤ መስቀሉ ከእጃቸው አመለጠ።

ቀንዱን ነፋሁ። እስኪሰነጠቅ ነፋሁ። መንደሩ ወጣ።

ከዚያ ድንጋይ ብቻ። አንድ ወታደር ነፍጡን ወደ አባ ሲያነጣጥር ደምሴ ግንባሩን በድንጋይ አለው። ሰውየው አልወደቀም፤ እንደደከመ መንገደኛ ተቀመጠ፣ ተቀምጦ ሞተ። እኔ አንዱን መሬት ላይ አግኝቼ መታሁ። ጥርሱን ተፍቶ ማረኝ አለኝ። አልማርኩትም። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ብራናዬ። ይኸን ለንስሓ አባቴ አልነገርኩም፤ ላንቺ ነው።

ሸሹ። ግማሾቹ በመጡበት። ሌሎቹ ቁልቁል ወደ እብናቱ መንገድ ሲሮጡ አየናቸው፣ አልተከተልንም። ደክሞናል፣ ቁስለኛ አለን።

ወዲያው ቆጠራ። የያንዳንዱን አባወራ ስም እጠራለሁ፤ ያየው ሰው ወጥቷል ይላል። ሁሉም ወጥቷል። ደምሴ ሲጠራ ጩኸት ሆነ፤ ወጥቷል ብቻ አይደለም አሉ።

አያሌው ብዬ ጠራሁ። ዝም።

ደግመህ ጥራ አሉኝ። ጠራሁ። ዝም።

ኅዳር ፳፫፣ ቀትር

ሸንጎ። ብርቄን ጠየቅናት። ለአራስነቷ ጨውና ቅቤ ላመጣ ብሎ እብናት ገበያ ወርዷል፤ ትናንት ጧት ይደርሳል ብላ ጠብቃ ነበር። ለኔ ተናግሯል ወይ? አልተናገረም። ለምን? ሁሉም ያውቃል ለምን እንደሆነ።

ደምሴ ተነሣ። አልጮኸም። «የኔን ቤት ንዳድ ይዞኝ አቃጠላችሁት። ዛሬ ደግሞ ምን ልትሉ ነው? የእህትዎ ቤት ክዳኑ ሣር አይደለም ወይ፣ መሪጌታ?»

አባ ኪሮስ ሰውየው እስኪመጣ ይቆይ፣ አፉን እንስማ አሉ። ብዙው ሰው እሺ ሊል ነበር። አይሆንም ያልኩ እኔ ነኝ። ለዘመዱ አደላ እንዳልባል። ነገ አልኩ።

ኅዳር ፳፬

አቃጠልኩት።

እህሉን አወጣን፣ ከብቱን አወጣን፣ ቁርበቱን፣ ማሰሮውን። ብርቄ ደጃፉ ላይ ቆማ አልንቀሳቀስ አለች። «ወንድምዓለም፣ አንድ ቀን ስጠኝ። አንድ ቀን ብቻ። ይመጣል» አለች። ሴቶች ክንዷን ይዘው ፈቀቅ አደረጓት። ችቦውን ለሌላ ሰው ልሰጥ እችል ነበር። አልሰጠሁም። ዓመታት ጭስ የጠጣ ክዳን ነው፤ እንዴት እንደነደደ! በሬዎቹ አገሱ። ማገሩ ወደ ውስጥ ተደረመሰ። ግድግዳው ድንጋይ ስለሆነ ቆሟል።

ብርቄ ድንጋይ አነሣችና አፌን አለችኝ። ከንፈሬ ተሰነጠቀ፣ ጥርሴ ይነቃነቃል። ሰው ሊይዛት ሲል ተዋት አልኩ። እሰይ አልኩ በልቤ። ቤቴ ግቢ ብላት ጣራህ ሥር ከምገባ ጅብ ይብላኝ አለች። እግዜር ይይልህ አለች። ከበረቱ ጥግ ቁርበት አንጥፋ ተኝታለች። ውርጩ ሣሩን አንጥቶታል። ጥሩነሽ ጋቢ ወሰደችላት፤ እኔን አታናግረኝም።

አያሌው ሲመጣ ይገድለኛል። ይግደለኝ። ጠብ ሲጀምር እኔም አልለምነውም።

ኅዳር ፳፯፣ ሠርክ

እንዴት ብዬ ልጻፈው።

ወታደሮቹ ይመለሳሉ ብለን እስካሁን የላዩን በር ብቻ ነበር የምንጠብቅ። ዛሬ ንጉሡ ሰፈሩን ነቅለው ዘመቱ የሚል ወሬ ሲመጣ የታቹን ጓሳ ለማየት ወረድን። አሞራ ይዞራል። የሞተ በግ ነው አልኩ። ደምሴ ቀድሞን ሄደ፣ ቆመ፣ እጁን አነሣ።

አያሌው ነው። የእብናቱ መንገድ ጓሳውን በሚነካበት። ሣሩ ዙሪያውን ተረግጧል፣ ደሙ ጠቁሮ ደርቋል። አንድ ወታደር አጠገቡ፣ ራሱ የተፈለጠ። የአያሌው ክንዶች በጎራዴ ተተልትለዋል፤ ሆዱ ላይ ያለውን አልጽፍም። ዱላውን አልለቀቀም። ቅሉ ተሰብሮ ቅቤው መሬት ላይ ፈሷል፤ አሞሌው ተበትኗል። ከገበያ ሲመለስ ቀንዱን ሰምቶ፣ ወደ ቤቱ ሳይሆን ወደ ጓሳው ወጣ። ወደኛ ሊመጣ ሲል እኛ ያባረርናቸው ደረሱበት። ብቻውን።

ስሙን ስጠራ እዚህ ተኝቶ ነበር። ቤቱን ሳቃጥልም እዚህ።

ደምሴ ነጠላውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነው። ከዚያ ወደኔ ዞረ። «ይጥሩት» አለኝ።

አልገባኝም።

«ቆጠራው አላለቀም። ይጥሩት።»

አያሌው አልኩ። ያ ትልቅ ድምፄ፣ የተሾምኩበት፣ ከጉሮሮዬ አልወጣ አለ። ደግሜ ሞከርኩ።

ደምሴ ብቻውን መለሰ። «ወጥቷል።»

ኅዳር ፳፱

ትናንት በቅ. ሚካኤል ቀበርነው። ፍትሐቱን ማዜም የኔ ሥራ ነበር፤ አልቻልኩም፣ ሌላ ሰው አዜመ። ብርቄ አላለቀሰችም። ከመቃብሩ ስንመለስ በጎኔ አለፈች፣ ልብሷ ነካኝ፤ እንደ ግንድ አለፈችኝ። ብትመታኝ ይሻል ነበር።

ዛሬ ሸንጎ ጠራሁ። የአያሌው ወንድሞች ማገሩን አቁመውላታል፤ የቀረው ሣር ብቻ ነው። ጓሳውን ለአንድ ቀን፣ ለአንድ ቤት ክፈቱልኝ አልኩ። ጉልበታቸው ላይ ወደቅሁ። እኔ!

አባ ኪሮስ አለቀሱ፣ እምቢም አሉ። ግዝት ለአንድ ሰው አይፈታም። ዛሬ ለመበለት ከተከፈተ ነገ ጣራው ያፈሰሰ ሁሉ ይገባል፤ የሞተውም በከንቱ ሞተ ማለት ነው አሉ። ልክ ናቸው። እኔም ባለፈው ሳምንት ብጠየቅ ከዚህ ሌላ አልመልስም ነበር። ገለባ እናዋጣላት አሉ። ደምሴ ገለባ ውርጭ አይከለክልም፣ ልጄ እንዴት እንደምታስል ኑና ስሙ አለ። ተቀመጠ።

ታኅሣሥ ፩፣ ተሰዓት

ብርቄን ምጥ ጀማምሯታል። መጣ መጣ ብሎ ተዋት፤ ዛሬ አይደለም አሉ አዋላጆቹ፤ ነገ፣ ቢበዛ ከነገ ወዲያ። ጥሩነሽ እንደገና ለመነቻት። የኔ ጣራ ሥር አትገባም። የጎረቤትም አትገባም፤ የባሏ ቤት ውስጥ ነው የምትወልድ። አሁን ያ ቤት ማገር ብቻ ነው፣ ሰማይ ይታያል። እዚህ ውርጭ ጠቦት ይገድላል። የተወለደ ልጅማ።

ስለዚህ ወስኛለሁ፣ ብራናዬ።

ነገ በነግህ ማጭዴን ይዤ ጓሳው እገባለሁ። ተደብቄ አይደለም፤ ፀሐይ ወጥቶ፣ ሁሉ እያየኝ። ለአንድ ቤት የሚበቃ አጭዳለሁ። የአያሌው ወንድሞች ከዳር ቆመው ይቀበሉኛል፤ ሣሩን እነሱ አልቆረጡም፣ ደንቡ አይነካቸውም። በቀትር ቤቷ ይከደናል። በኔ ቤት ደግሞ ደንቡ እንደሚለው ይደረግ። አልከራከርም፤ ታምሜ ነበር፣ አዝኜ ነበር አልልም።

ቀንዱን ለደምሴ ወስጄ ሰጠሁት። ነገ ስገባ ታያለህ፣ ያኔ ንፋ አልኩት። የሚሰድበኝ መስሎኝ ነበር። «እነፋለሁ» አለ። ቆይቶ ደግሞ «ሚስትዎና እህሉ ዛሬ ይውጡ፣ የሣር እሳት ፈጣን ነው» አለኝ።

ለጥሩነሽ ነገርኳት። ጮኸች። የተሾምኩበትን ቀን ረገመች፣ ድምፄን ረገመች፣ ጓሳውን ከነሥሩ ረገመች። ደረቴን በቡጢ መታችኝ፤ ቆሜ ተመታሁ።

ይኸን ስጽፍ እያየኋት ነው። ቁርበቱን አወጣች። ማሰሮዎቹን አወጣች። አሁን የገብሱን ጎተራ ታቅፋ ትጎትታለች፤ ብቻዋን አይነሣላትም። ልሂድ