ማሬ በላች

እትዬ፣ በላች! ማሬ በላች! ዛሬ ረፋድ ላይ ቀጭን የምድር ትል በስንጥር ጫፍ ይዤ ባቀርብላት፣ መጀመሪያ ዝም ብላ አየችው፤ ከዚያ ላፍ! ጅራቱ ከአፏ ውጭ ሲወራጭ ሳይ እልልታዬን አቀለጥኩት። ጎረቤቴ፣ ያቺ ታየች፣ እጇ ሊጥ እንደሆነ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ መጣች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። "ምን ሰማሽ? ማን ነገረሽ?" አለችኝ። "ማን ይነግረኛል፣ በዓይኔ አየሁ እንጂ! በላች!" ብላት እዚያው ደፉ ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች።

ይቅር በይኝ፣ ሰላምታ እንኳ ሳላስቀድም ወሬዬን ዘረገፍኩት። እንዴት ሰንብተሻል? ይኼ ዝናብ ጉልበትሽን እንዴት አደረገው? ባለቤትሽ ጋሽ አማረስ? ላሟ ወለደች? ጤፉስ ያዘላችሁ? እኔ ተመስገን ደህና ነኝ። ስልኩ ሰሞኑን ጨርሶ እምቢ ስላለ ይችን በቢተው ሚኒባስ ልኬልሻለሁ። ስልክ ቢኖርስ መቼ ታስጨርሺኛለሽ! "እሺ፣ እሺ፣ በቃ ደህና ሁኚ" ነው ያንቺ ነገር። ወረቀት ደግ ነው፣ አያቋርጠኝም።

ማሬን መቼም አትወጃትም፣ አውቃለሁ። ያ መንገድ ሊሠራ የመጣው ቻይናዊ መሐንዲስ ወዳገሩ ሲመለስ፣ ለልጄ ለእንዳላማው ከነመስታወት ሣጥናቸው ከሰጠው የውሃ እንሽላሊቶች አንዷ ናት። ጀርባቸው ጥቁር፣ ሆዳቸው የደረቀ በርበሬ የመሰለ፤ ሦስት ነበሩ። ልጄ ከፋሲካ በኋላ "ለሳምንት ሥራ ደብረ ኤልያስ ደርሼ ልምጣ" ብሎ ሲወጣ፣ ጫማውን እያሰረ "እማ፣ እነዚህን አደራ" አለኝ። "አንተ ራስህን አደራ፤ እነሱ የት ይሄዳሉ?" ብዬ ሳቅኩበት። "የምፈራው ደግነትሽን ነው፤ ደግሞ አዝነሽላቸው ሽሮ እንዳታበያቸው" አለኝ። እንዲህ እየተሳሳቅን ነው የወጣው።

ሽሮስ አላበላኋቸውም። ክረምቱ ሲገባ የቧንቧው ውሃ ደፈረሰ። ከጤና ኬላ የመጣችው ልጅ፣ ተቅማጥ እንዳይነሣ፣ እንስራው ውስጥ የምንጨምረው መድኃኒት አደለችን። እኔ የምጠጣውን አጽድቼ የልጄን አደራ ድፍርስ ውስጥ ላስቀምጥ? ጨመርኩላቸዋ! እንዲያውም እነሱ ውለው የሚያድሩት ውስጡ ነው ብዬ ከራሴ ይልቅ ለእነሱ አበዛሁት።

በማግስቱ ሁለቱ ሆዳቸውን ወደ ላይ ገልብጠው ተንሳፈፉ። ማሬ ድንጋዩ ላይ ወጥታ ውሃውን እንደ እሳት ሸሸችው። ውላ አድራ ቆዳዋ ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር በቀለባት፣ ሆዷ ተነፋ፣ እህል ውሃ አልቀምስ አለች።

በጎድጓዳ ሳህን ይዤያት እንስሳት ክሊኒክ ሄድኩ። ወረፋው ላይ አህያውን ያሰለፈ ገበሬ ክዳኑን ገለጥ አድርጎ አየና አማተበ። ሐኪሙም "እናቴ፣ ይችን የቱ ጋ ነው የምወጋት?" አለኝ። ቀልዱን ሲጨርስ ግን ጎንበስ ብሎ ደህና አድርጎ አያት። ውሃዋ ላይ ምን እንደጨመርኩ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። "እነዚህ በቆዳቸው ነው የሚጠጡት፤ አቃጥለሻታል" አለኝ። "የምሰጥሽ መድኃኒት የለኝም። ቀዝቃዛ የምንጭ ውሃ በየቀኑ ቀይሪላት፣ ጨለም ካለ ቦታ አኑሪያት። ከዚያ ወዲያ የፈጣሪ ነው።"

ለእኛ የሚቀርበው ምንጭ ደግሞ የሩፋኤል ጠበል ነው። የንስሐ አባቴን አባ ወልደ ሰንበትን ሄጄ ለመንኳቸው። "እንሽላሊት ልታስጠምቂ መጣሽ?" አሉኝ። "ኧረ አባ፣ ላስጠምቃት አይደለም፣ ላስተኛት ነው" ብላቸው፣ "እንግዲያ የክርስትና ስሟን ማን እንበላት?" ብለው የሳቁት ሳቅ! ደቀ መዛሙርቱ ሁሉ ዞረው አዩን። ወዲያው ግን ሳቃቸው ቆመና "የልጅሽ ናት አይደል?" አሉኝ። "አዎ፣ አደራው ናት" አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆዩ። "ከብት ከሚጠጣበት፣ ከግርጌው ቅጂ። የሚከለክልሽ ቢኖር አባ ፈቅደውልኛል በይ" አሉኝ። ጉንፋን ሳይዛቸው አልቀረም፤ አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

እዚያው ምንጩ ዳር ቆሜ ድግስ ተሳልኩ። "ሩፋኤል ሆይ፣ እኔ የልጄን አደራ ከሞት ካወጣሁ፣ አንተም የእኔን አደራ ታወጣልኛለህ" አልኩት። መልአክ እንዲህ አይደፈርም ትዪ ይሆናል። ምን ላድርግ፣ አፌ ነው።

አሁን ደግሞ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። እንዳላማው አመሻሽ ላይ ከሥራ ሲገባ፣ ገና ጃኬቱን ሳያወልቅ፣ መስታወቱን በጥፍሩ ቋ ቋ ያደርግ ነበር። ሦስቱም ግር ብለው ይመጡለታል። እሱ ከሄደ በኋላም ሰዓቱ ሲደርስ ወደዚያው ጥግ ይሰበሰቡ ነበር። ልማድ ነው ብዬ ተውኩት። አሁን ግን ማሬ ያለችው ጓዳ፣ በሳህን ነው፤ መስታወት የላት፣ መስኮት አይታያት። ያ ሰዓት ሲደርስ ቀና ትልና ወደ በሩ ትዞራለች። ከዚያ እኔም እሰማዋለሁ፦ ቋ ቋ። ባዶው ሣጥን ላይ። ወጥቼ አያለሁ፤ ማንም የለም፣ የቀረው ውሃ ብቻ ይወዛወዛል። ታየች "ቤቱን ጠበል አስረጪው፣ ያስፈራል" ትለኛለች። እኔ ምን ያስፈራኛል? እናት ልጇን ትፈራለች?

ባለፈው ሳምንት የመጣችሁ ዕለት ነበር ማሬ የባሰባት። ገና አልነጋም፤ በሩ ሲመታ ከፈትኩ። ጋሽ አማረ ከፊት፣ አንቺ ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ ከጎናቸው፣ አባ ወልደ ሰንበት፣ ታየች፣ የእድሩ ሰው ሁሉ ግቢውን ሞልቶታል። ለካ ከአገራችሁ ከአማኑኤል ማታውን መጥታችሁ ታየች ቤት ነው ያደራችሁት፤ እኔን ሳታዩ! ማንም አፉን ሳይከፍት "አልሞተችም! ኧረ ትተነፍሳለች!" ብዬ ጮህኩ፤ ሳህኑንም አምጥቼ አሳየኋችሁ። ጋሽ አማረ ሳህኑን አዩ፣ እኔን አዩ፤ ሊሉ የመጡትን ዋጡና "እንግዲህ... ይማርልሽ" አሉ። ለእንሽላሊት ጎህ ሲቀድ የሚሰበሰብ ዘመድ ያለው ማን ነው? ታድዬ!

አንቺ አንገቴ ላይ ተጠምጥመሽ "እህቴ" ስትዪ አፍሽን በእጄ መያዜ ክፋት አይደለም፣ እትዬ። እሷ በአንድ እግሯ ሞት ደጃፍ ቆማ ሳለ ሌላ ነገር የምሰማበት ጆሮ አልነበረኝም። አደራ ሳይወጡ እንዴት ይሰማል?

አሁን ግን በላች። ነጩ ነገር ከነቆዳዋ ተገፎ ወድቋል፤ ሥሩ አዲሱ ቆዳ ያብለጨልጫል። እንግዲህ ስለቴን አገባለሁ። ጌሾው ተወቅጧል፣ በጉ ግቢ ውስጥ ታስሯል። ድንኳን ልለምን የእድሩ ዳኛ ዘንድ ሄጄ "ለምንሽ ነው?" ቢሉኝ "ለደስታዬ" አልኳቸው። እምቢ አላሉኝም፤ "ትልቁን ውሰጂ" ብቻ አሉኝ።

ሁላችሁም ኑ። በማለዳ አይደለም፣ ፀሐይ ወጥታ፣ ነጠላችሁን እንደ በዓል ለብሳችሁ። በመጀመሪያ እንበላለን፣ እንጠጣለን፣ እልል እንላለን፤ ይኼን አትከልክሉኝ። ማዕዱ ሲነሣ ጋሽ አማረ ከቀኜ ይቀመጡ፣ አንቺ ከግራዬ ሁኚ፤ ክንዴን ያዢኝ። ያኔ እሰማለሁ። እስከዚያ ግን በጽሑፍም በሰውም ምንም እንዳትልኪብኝ።

ሩፋኤል ደጅሽን ይጠብቅልሽ፤ ከቤትሽ የወጣውን ሁሉ በእግሩ ይመልስልሽ። ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ለእኔም ጭምር ያጽናልሽ።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ

ቀኑ ጳጉሜን ሦስት፣ ሰኞ፣ የሩፋኤል ዕለት ነው። አንድም ሰው እንዳይቀር።